ነፋስ የመታው ቢራ

እኛ ነፋስን የምንፈራውን ያህል ሌባ አንፈራም። ታክሲ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ፣ የአንዱ ላብ በሌላው ትከሻ ላይ ሲንጠባጠብ፣ አንድ ደፋር መስኮቱን በጣት ስፋት ገፋ ቢያደርግ፣ ከኋላ ወንበር «ኧረ በእናታችሁ ዝጉት፣ ነፋስ ሊመታን ነው!» የሚል ድምፅ ሳይሰማ ቀጣዩ ፌርማታ አይደረስም። ጉንፋኑ፣ የወገብ ቁርጥማቱ፣ የአንገት መቆልመሙ፣ የጥርስ ሕመሙ ሁሉ የሚመጣው በዚያች የጣት ስፋት ነው። ውቅያኖስ ብንሻገርም ፍርሃቱ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር አብሮን ይሻገራል። ሜሪላንድ ውስጥ በሐምሌ ወበቅ የመኪናቸውን መስታወት ጥርቅም አድርገው ዘግተው፣ ማቀዝቀዣውንም «ፊቴ ላይ አታዙርብኝ» እያሉ የሚሄዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ይህን ያህል የሚፈራ ሕዝብ፣ ነፋስ እውነትም የሚመታው ነገር ቤቱ ውስጥ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ክዳኑን ይከፍታል። ከፍቶም አፍንጫውን ያስገባል። «እስቲ ልየው፣ ደርሶ እንደሆነ» ይላል።

የማወራው ቤት ውስጥ ስለሚጠመቅ ቢራ ነው።

ጓደኛዬ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። ቀን ቀን የሰው ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ቅዳሜ ቤዝመንቱ ውስጥ ቢራ ይጠምቃል። በድብቅ አይደለም። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. በፈረሙት ሕግ መሠረት ሁለት አዋቂ ያለበት የአሜሪካ ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም ከ750 ሊትር በላይ ቢራ፣ ግብር ሳይከፍል ለራሱ መጠጫ መጥመቅ ይችላል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሐበሻ አልጎበኛቸውም መሰለኝ። እኛ ዘንድ ለብቻ የሚጠጣ ነገር መድኃኒት ብቻ ነው።

የእኔ ድርሻ መቅመስ ስለሆነ ስለ ቢራው የምናገረው በሙሉ ሥልጣን ነው። ጓደኛዬ የሚወደው ለቢራ እንደ ጌሾ የሆነው ሆፕስ የበዛበትን፣ መራራ፣ ሲከፈት የብርቱካን ልጣጭና የማንጎ ሽታ የሚያወጣውን ዓይነት ነው። በትኩሱ ሲቀመስ እሰይ ያሰኛል። ያንኑ ቢራ ሲሰነብት ከዚያው ካርቶን አውጥቶ ሲከፍተው ግን ሌላ ሰው የጠመቀው ይመስላል። ወርቃማ የነበረው ቀለም ወደ ሻይ አድልቷል። ማንጎው የለም፣ ብርቱካኑም ተሰናብቷል። ምላስ ላይ መጀመሪያ የማር ዓይነት ጣፋጭነት ይመጣል፤ ከኋላው ደግሞ ዝናብ ላይ ያደረ የወረቀት ካርቶን። ካርቶን በልቶ የማያውቅ ሰውም ሲቀምሰው ወዲያው ያውቀዋል። ከዚህ ጣዕም በስተጀርባ አሉ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ዋነኛው ኖኔናል ይባላል። የሰው ምላስ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮንኛ ግራም በታች ቢኖር እንኳ ይለየዋል። ጨው የበዛበትን ወጥ «ደህና ነው፣ ይበላል» ብሎ የሚያልፍ ምላስ በዚህ ላይ ይሉኝታ አያውቅም።

ተጠያቂው አየር ነው። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ካልነካሁ የሚል ፍጡር ነው። ብረቱን ያዝገዋል፣ የተላጠውን ድንች ያጠቁረዋል፣ ቅቤውን ያሻግተዋል። ቢራ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚያጠፋው የሆፕሱን ሽታ ነው። ሙቀት ከታከለበት ይፈጥናል፤ ከማሞቂያው ቱቦ አጠገብ የተከመረ ካርቶን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠው ቀድሞ ያረጃል። ጓደኛዬ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ የለውም። ማቀዝቀዣው በእንጀራና በቅቤ የተያዘ ነው፣ በዚያ ላይ ክርክር የለም።

የሚያስቀው፣ ይኸው አየር መጀመሪያ ላይ የክብር እንግዳ መሆኑ ነው። የብቅሉ ውሃ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እርሾ ሲጨመርበት ጠማቂው ባልዲውን አቅፎ ይንጠዋል፤ አየር ይግባለት ብሎ። እርሾ ለመባዛት የሕዋሱን ሽፋን መሥራት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል። ከተባዛ በኋላ በሩን ዘግቶ ሥራውን ይሠራል። ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው ይህንኑ ነበር፤ መፍላት ማለት ያለ አየር መኖር ነው ብሎ። እንግዲህ ያው እንግዳ ሰኞ ቀን ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎለት ይገባል፣ ረቡዕ ተመልሶ ቢመጣ ፖሊስ ይጠራበታል። ይህን ለዘመድ ማስረዳት ከባድ ነው። «ባለፈው ራስህ ስትንጠው አልነበር?» ይሉታል።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ነው። የባልዲው ክዳን ላይ ውኃ ያዘለች ጠማማ የፕላስቲክ ቱቦ አለች፤ ከውስጥ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቡልቅ ቡልቅ እያለ በእሷ ይወጣል፣ ከውጭ አየር አይገባም። በወረቀት ላይ። ቡልቅታው በጠነከረበት ሰሞን ክዳኑ ቢከፈት እንኳ ያን ያህል አይጎዳም፣ ከታች የሚገፋ ጋዝ አለና። ግን በዚያን ጊዜ ማንም አይከፍተውም፤ ድምፁ ይበቃል። የሚከፈተው ዝም ሲል ነው። ባልዲው ዝም ሲል ሐበሻ ይጨነቃል። «ምነው ጠፋ? ሞተ እንዴ?» ይባልና ልጁ ይከፍታል፣ ጎረቤቱ ይከፍታል፣ ቧንቧ ሊሠራ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር «አጎቴም ይሠራ ነበር» ብሎ ያያል። አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ከቢራው በላይ ተኝቶ የነበረው ጋዝ ይታወክና አየር ይተካዋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ብርድ ልብስ ሆኖ ይሸፍነዋል የሚሉ አሉ። አትመኑ። ክዳን ሲነሳ ሁለቱ ይቀላቀላሉ።

ባለፈው ዓመት አማቱ ከደብረ ማርቆስ መጡ። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ነበር የመጡት፣ ስለዚህ ጠላ መጠመቁ አያጠያይቅም። ጌሾውና ብቅሉ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ከሐበሻ ሱቅ ተገዛ። ጋን ግን ከየት ይምጣ? አማትየው የአማቻቸውን ነጭ የፕላስቲክ ባልዲዎች አገላብጠው ሲያዩ ከቆዩ በኋላ «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። አገር ቤት ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ቤዝመንቱ ውስጥ ወይራ ማጨስ ተሞክሮ የጭሱ ደወል ቤቱን በጩኸት ስለሞላው፣ ጢሱ ከደጅ ተደረገ። ባልዲ ታጥኖ ምን እንደሚያገኝ ባላውቅም ሽታው ግን ለሰፈሩ ደርሷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅርብ ስላየሁ ልንገራችሁ። ጥንስሱ ተጠነሰሰ፣ ሰነበተ፤ እንኩሮው ተነኩሮ ገባና ድፍድፍ ሆነ፤ ውኃ ተሞላበት። እዚህ ላይ አማትየው ጥቂት የስንዴ ሊጥ ጠየቁ። አገር ቤት የጋን አፍ በጭቃ ይመረጋል፤ ሜሪላንድ ላይ ምንጣፍ በተነጠፈበት ቤት ጭቃ አይገባም፣ ስለዚህ ሊጥ። ሊጡን በመዳፋቸው እያሹ ገመድ አደረጉት፣ የክዳኑን ዙሪያ አለበሱት፣ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ስንጥቁን ሁሉ ደፈኑት። ሲጨርሱ በሊጡ ላይ የጣታቸው አሻራ በሰልፍ ቀረ። ማኅተም ማለት ነው። ማንም ነካክቶ መልሶ ቢለጥፈው አሻራው ያጋልጠዋል።

«እማማ፣ ውስጡ ጋዝ አለ፤ መውጫ ካላገኘ…» ብሎ ጓደኛዬ ጀመረ።

«ልጄ፣ እኔ ስመርግ አርባ ዓመቴ ነው። ጋዙ መውጫውን ያውቀዋል። አንተ ብቻ መግቢያ አትክፈትለት።»

እሳቸው ኦክስጅን የሚባል ቃል አንስተው አያውቁም። የሚያውቁት የተከፈተ ጠላ እንደሚኮመጥጥ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ካላገኙ ሥራ ፈት ናቸው። ካርቶን ካርቶን ማለት የጠላ ችግር አይደለም፤ ጠላ እዚያ እስኪደርስ አይቆይም፣ ማኅበርተኛው ይቀድመዋል። በዚያ ላይ ጉሽ ጠላ በሕይወት ያለ እርሾ የሞላበት ነው፤ የገባውን ኦክስጅን እርሾው ራሱ ይሻማዋል። እኔ ግን የገረመኝ ኬሚስትሪው ሳይሆን ሌላ ነው። የጓደኛዬ ባልዲ መቶ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ተገጥሞለት በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ የአማትየው ባልዲ በሊጥ ተለጥፎ ማንም ዝር አላለበትም። ሁለቱ ባልዲዎች ጎን ለጎን ነበሩ።

ቢራው ጠርሙስ ውስጥ የሚገባበት ቀን ደግሞ ደቦ ነው። ፈረንጅ ጠማቂ ይህን ሥራ ብቻውን፣ ዝም ብሎ፣ ሙዚቃ ከፍቶ ይሠራዋል ይባላል። ጓደኛዬ ቤት ግን ወንድም፣ የወንድም ጓደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይጠራል፤ ክትፎ ይኖራል። 19 ሊትሩ ቢራ ሃምሳ ያህል ትንንሽ ጠርሙሶች ይሞላል። ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ እንደገና ትንሽ ፈልቶ ጋዝ እንዲይዝ 120 ግራም ገደማ ስኳር በውኃ አፍልቶ ይቀላቅልበታል። ስኳሩ ከበዛ ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ስለዚህ በሚዛን ነው፤ ሻይ ላይ እንደምናደርገው «በቃህ?» እየተባለ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ አንድ ነገር ነው፤ ቢራው እንዳይንቦጫረቅ። ቱቦው ባልዲው ታች ይደርሳል፣ ሌላኛው ጫፍ ጠርሙሱ ታች ይደርሳል፣ ቢራው ከታች ወደ ላይ በዝምታ ይሞላል። ጫፉ ላይ ሲጫኑት የሚከፈት፣ ሲለቁት የሚዘጋ ቀጭን ዘንግ አለ። ዘዴው ቀላል ነው። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነውን ሁሉ ይቃወማል። እኛ አገር ባለሙያነት የሚለካው ከፍ አድርጎ በመቅዳት ነው። ቡና ከጀበና ከፍ ብሎ ወደ ሲኒው በቀጭኑ ሳይቆረጥ ሲወርድ፣ ቀጂዋ ትመረቃለች። ጠላም ከፍ ተደርጎ ሲቀዳ ነው አረፋው የሚያምረው። አማትየው በነበሩበት በአንዱ ደቦ የጓደኛዬ ታናሽ እህት ዘንጉ ሥራ አዘገየ ብላ ቢራውን በጆግ ቀዳችና ጆጉን እስከ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ጠርሙሱ አፍ ላይ አወረደችው። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ቤቱ አጨበጨበ። ጓደኛዬ ብቻ ፊቱ አመድ ሆነ፤ ከትከሻ እስከ ጠርሙስ ባለው መንገድ ላይ ቢራው የጠጣውን አየር በዓይኑ እያየው ነበር። እህቱን ደግሞ መቆጣት አይቻልም፤ በእንግዳ ፊት፣ ያውም እንደዚያ ቀድታ።

አማትየው ደግሞ ጥጉ ላይ ሆነው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ቀምሳችሁታል?» አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ መቅመሷ የቆየ ወግ ነው። ጓደኛዬ ቀመሰ፣ ወንድሙ ቀመሰ፣ የወንድሙ ጓደኛ «እስቲ» አለ። ባልዲው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ በኩባያ ተጠለቀ። ይሉኝታ ቢራን ከኦክስጅን በላይ ይጎዳል ባልል፣ በሩን የሚከፍትለት ግን እሱ ነው።

ስለ ቆርኪውም ሳላወራ ማለፍ አይሆንልኝም። አዲስ አበባ ልጅ ሆነን በድንጋይ እየጠፈጠፍን የተጫወትንበት ቆርኪ የተፈለሰፈው ከጓደኛዬ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ባልቲሞር ከተማ ነው። ዊልያም ፔይንተር የተባለ ሰው በ1892 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አወጣበት። በውስጡ ያኔ ስስ የቡሽ ቁራጭ ነበረው፣ ዛሬ ላስቲክ መሰል ነገር ነው። ጥርሱን ብትቆጥሩት 21 ነው፤ የዛሬው ማለቴ ነው። ያኔ በዚህ ሰው ኩባንያ ሻጭ ሆኖ ይሠራ የነበረው ኪንግ ጂሌት፣ ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞ የሚጥለውን ነገር ፍለጋ የጀመረው በፔይንተር ምክር ነው ይባላል፤ ተጥሎ የሚገዛውን ምላጭ አገኘ። የቆርኪ ውለታ ጢማችን ላይም አለ ማለት ነው።

ታዲያ ቆርኪው ጥሩ ቢዘጋም ከስሩ የሚቀረውን አየር አብሮ ይዘጋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 355 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ አንገት ላይ 15 ሚሊ ሊትር አየር ቢቀር፣ ከዚያ ውስጥ 3 ሚሊ ሊትሩ ኦክስጅን ነው። 4 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ በሊትር ሲሰላ 12 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ትልልቅ ፋብሪካዎች በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በታች ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጓደኛዬ ቤዝመንቱ ውስጥ ከእነሱ ከመቶ እጥፍ በላይ ያስገባል ማለት ነው፣ ያውም እህቱ ባልቀዳችበት ጠርሙስ። ፋብሪካዎቹ መጀመሪያ የጠርሙሱን አየር ይመጥጡና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተኩታል፣ ብዙዎቹ ደግመው። ከዚያ ሊከደን ሲል በጠርሙሱ አንገት ላይ በቀጭኑ ሙቅ ውኃ ይረጩበታል። ቢራው ይደነግጣል፣ አረፋው ይነሳል፣ አየሩን እየገፋ እስከ አፉ ይወጣል፤ ቆርኪው የሚመታው በዚያ አረፋ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚጠምቀውን ሰው የሚያድነው እርሾው ነው፤ በስኳሩ እንደገና ሲነቃ ከገባው ኦክስጅን የተወሰነውን ይበላለታል። የተወሰነውን ብቻ።

ጓደኛዬ ኦክስጅን የሚመጥ ቆርኪ የሚባልም ገዝቷል፤ ሲርስ ሥራ የሚጀምር ነገር በውስጡ አለበት። እኔን ግን ይህ ቆርኪ አላሳመነኝም። አንገቱ ላይ የቀረውን ቀስ እያለ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቢራው ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ጎትቶ አያወጣም። ገንዘቡን ለአንድ ቁልፍ ቢያወጣው ይሻለው ነበር፤ ለቤዝመንቱ በር።

አማትየው ግን ባለሙያው ጓደኛዬ ያላየውን አንድ ነገር አይተውበት ነበር። ቢራው ከመሞላቱ በፊት እርሾው እንዲዘቅጥ ጓደኛዬ ባልዲውን ደጅ ብርድ ላይ ያሳድረዋል። ጠዋት ሲያዩት ጠማማዋ ቱቦ ውስጥ የነበረው ውኃ የለም። ሲቀዘቅዝ ጋዙ ይኮማተራል፣ ባልዲው መጀመሪያ ውኃውን ይምጋል፣ ቀጥሎ ያንኑ የተፈራውን አየር። ያን ቢራ ማንም አልከፈተውም፤ ራሱ ተነፈሰ። አማትየው ባዶዋን ቱቦ በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ብርድ መቶታል» አሉ። ሳይንሱም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጓደኛዬ ባልዲም በእሳቸው ሥር ሆነ። መፍላቱን ሲጨርስ ቱቦዋ ተነስታ ቀዳዳዋ በሊጥ ተደፈነች፤ ብርድ ላይ ከማሳደር ይልቅ እዚያው እንዲዘቅጥ ተተወ። ትልቁ ልጅ ወደ ቤዝመንት ሲወርድ «ወዴት?» ይባላል። ጎረቤቱ ሳሎን ተቀምጦ ጠላ ይቀዳለታል፣ ቢራውን ለማየት የሚወርድበት ምክንያት አጣ። ጠርሙስ በተሞላበት ቀን እህትየው ወጥ ቤት ተመደበች። የመጨረሻው ዙር ሰንብቶ ሲከፈት ማንጎው እንዳለ ነበር። ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፤ ግን ነበር።

የአማትየው የስድስት ወር ፈቃድ እያለቀ ነው። ጓደኛዬ የቆይታ ማራዘሚያ ፎርም ሞልቶ ልኳል። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ሕፃኑ አያቱን ስለለመደ ብሎ ጽፏል። ሚስቱ አንብባ ፈርማለታለች፣ ከመፈረሟ በፊት ግን ሕፃኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቃዋለች።